የሒሳብ ቀን የሆድ ቁርጠት

ዛሬ ከሆድ ሕመም ተነስቶ ካርቶን ቆረጣ ላይ የሚደርስ አንድ የቤታችንን ጉዳይ ላጫውታችሁ ነው። መንገዱ ትንሽ ቢጠማዘዝም ታገሡኝ፤ በተለይ ቤታችሁ ውስጥ “እኔ ሒሳብ አልችልም” የሚል ልጅ ካለ።

የልጄ ልጅ፣ እዚህ ገጽ ላይ ሚጡ እያልኩ የማነሳት፣ 10 ዓመቷ ነው፤ አራተኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ወር ጠዋት ጠዋት “ሆዴን” ማለት ጀመረች። እኔ ከሥራ ጡረታ ብወጣም ነርስነቱ ከእኔ አልወጣም። አስተኝቼ ሆዷን ዳሰስኩ፣ ትኩሳቷን ለካሁ፣ የዓይኗን ሽፋን ገልጬ አየሁ፣ ስለ ሽንቷና ስለ ሰገራዋ ጠየቅኳት። ጤና ጣቢያም ወስደናት ምርመራ ተደረገላት፤ ምንም አልተገኘም። ሕመሙ ግን አልቀረም።

ያን ጊዜ በድሮ ልማዴ ደብተር አውጥቼ መመዝገብ ያዝኩ። ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ የበላችውን፣ የተኛችበትን ሰዓት ሁሉ ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ከጻፍኩ በኋላ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ። ቅዳሜና እሑድ ጭራሽ የለም። ከግድግዳው ላይ የትምህርት ፕሮግራሟን አውርጄ ከደብተሬ ጋር አስተያየሁት። ማክሰኞና ሐሙስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው።

እዚህ ላይ እንደ ሙያዬ አንድ ነገር ላሳስብ። ልጅ ሆዴን ሲል ሁልጊዜ መታመን አለበት። በተለይ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ፣ ሲሸና የሚያቃጥለው ከሆነ ወይም ሕመሙ በስተቀኝ ወደ ታች ከበረታ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ተመርምሮ ነጻ ከሆነ ደግሞ “ውሸታም” አትበሉት። ጭንቀት ሆድን እውነተኛ ቁርጠት ያቆርጣል። ልጁ አላስመሰለም፤ አሞታል።

ፍራሽ ሥር የተገኘው ወረቀት

አንድ ቅዳሜ አንሶላ ልቀይር ፍራሹን ሳነሳ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የሒሳብ ፈተና ነው፤ ከ20፣ 6። ለወላጅ ፊርማ የተተወው መስመር ባዶ ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። አንዱ ጥያቄ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር የሆነን ክፍል ስፋትና ዙሪያ ይጠይቃል። ሚጡ ለስፋቱ 16፣ ለዙሪያው 15 ብላ ጽፋለች። ሁለቱም በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል።

እንደገና አየሁት። 5 በ3 ሲባዛ 15 ነው፤ ይህ ስፋቱ ነው። አራቱ ጎኖች፣ 5 እና 3፣ እንደገና 5 እና 3፣ ሲደመሩ 16 ናቸው፤ ይህ ዙሪያው ነው። ልጅቷ ማባዛቱንም መደመሩንም አልሳተችም። የሳተችው የትኛው የማን እንደሆነ ነው። በእኛ ሙያ ቋንቋ ልናገርና፣ መድኃኒቱ ትክክል ነው፤ የተሰጠው ግን ለሌላ በሽተኛ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? በቃል የተሸመደደ ቀመር ፈተናው በር ላይ ይፈታል።

ማታ ልጄ፣ የሚጡ አባት፣ ከሥራ ሲገባ ወረቀቱን አሳየሁት። አየና ፈገግ አለ፤ የደስታ ፈገግታ ግን አልነበረም። “እማዬ፣ ምን ይደረጋል፣ ከእኔ ነው የወረሰችው። እኔም ሒሳብ አይገባኝም ነበር” አለኝ። ሚጡ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ ሒሳብ የጠላው ከደሙ አይደለም። እኔ አውቃለሁ፤ እዚያው ነበርኩ። እሱ የ9 ዓመት ልጅ ሳለ እኔ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ተኝቼ፣ ከሰዓት በኋላ እሱን አስጠንቼ፣ ማታ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ድካሜን ሁሉ የማወርደው በእሱ ላይ ነበር። አንዴ ከነገርኩት ሁለተኛ አልደግምም። ሲሳሳት በማስመሪያው እጁን እመታዋለሁ። መስመር እንዲያሰምርበት በገዛሁለት ማስመሪያ! እሱ ግን መልሱን ትቶ ማስመሪያውን ማየት ለመደ። የወረሰው ፍርሃት ነው፤ አውራሿም እኔ ነኝ።

ከጎረቤት የመጣ ጨዋታ

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን የልጅ ልጆች ከአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ለዕረፍት መጥተው ነበር። ብሎከስ የሚባል ጨዋታ ይዘው ከእኛ ልጆች ጋር ሲጫወቱ ከረሙ። ጨዋታው በርናር ታቪቲያን በሚባል ፈረንሳዊ ተፈልስፎ በ2000 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ ነው። ሰሌዳው 20 በ20፣ ማለትም 400 ካሬ ቤቶች አሉት። አራት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው በየቀለማቸው 21 ቁርጥራጭ ይይዛሉ። ቁርጥራጮቹ ከአንድ እስከ አምስት ካሬ ተገጣጥመው የተሠሩ ናቸው። ዶሚኖ የሚጫወት ሰው ሁለት ካሬ ጎን ለጎን ሲጣበቅ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ሰሎሞን ጎሎምብ የሚባሉ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1953 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከዶሚኖ ስም ተነስተው ለእነዚህ ቅርጾች ፖሊዮሚኖ የሚል ስም አወጡላቸው፤ ባለ አምስቶቹ ፔንቶሚኖ ይባላሉ።

ሕጉ አጭር ነው። የመጀመሪያውን ቁርጥራጭ ከሰሌዳው ማዕዘን ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ በኋላ የምታስቀምጡት ሁሉ የራሳችሁን ቁርጥራጭ በጫፍ፣ ማዕዘን ለማዕዘን መንካት አለበት፤ ጎን ለጎን ግን መነካካት ክልክል ነው። የሌላውን ሰው ቁርጥራጭ ጎን ለጎን ብትነኩ ችግር የለም። ማስቀመጫ ሲጠፋ ጨዋታው ያበቃል፤ በእጁ የቀረው ካሬ ያነሰለት ያሸንፋል።

እንግዶቹ ሲመለሱ ጨዋታውን ይዘውት ሄዱ። እኔም ፍራሹ ሥር ያለውን ወረቀት ባገኘሁ ማግስት አስታወስኩት፤ ከሱቅም አንድ የፓስታ ካርቶን ለምኜ መጣሁ።

እኔው ያመጣሁት ቁርጠት

ለሁለት ሰው ትንሽ ሰሌዳ ይበቃል፤ 14 በ14። እያንዳንዱ ካሬ በየጎኑ 2 ሳንቲሜትር ስለሆነ ሰሌዳው በየጎኑ 28 ሳንቲሜትር ይሆናል። እኔና ሚጡ፣ የ7 ዓመቱ ወንድሟ ማሙሽም ጭምር፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ማስመር ጀመርን። ከዚያም “በአራት ካሬ ስንት ዓይነት ቅርጽ ይወጣል?” አልኳቸው። ሚጡ ሰባት አገኘች። ማሙሽ ሁለቱን አንስቶ ገለበጣቸውና ከሌሎቹ ሁለት ላይ ደረባቸው። “እማማ፣ እነዚህ ያው ናቸው፤ ተገልብጠው ነው” አለ። እውነቱን ነው፤ ሲገለበጥ አንድ የሚሆነውን እንደ አንድ ከቆጠርን የአራት ካሬ ቅርጾች አምስት ናቸው። ሚጡ በመሸነፏ አልተናደደችም፤ ሳቀች።

እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት! እኔ ግን ደስ አለኝና ፈተና ከፈትኩ። “ጎበዝ! እንግዲህ የዚህ ስፋቱ ስንት ነው? ዙሪያውስ? ልዩነታቸውስ ምንድን ነው? በይ እንጂ!” አልኳት። ሳላውቀው ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ሚጡ መቀሱን አስቀመጠች። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። “እማማ፣ ሆዴን” አለች።

ዕለቱ እሑድ ነው፤ ከመሸ ነው። በደብተሬ ውስጥ አንድም የእሑድ ሕመም አልነበረም። ያንን ቁርጠት ያመጣሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ሌሊቱን አሰብኩበት። ጠዋት ቁርስ ስታደርግ “ማታ አጠፋሁ። ጨዋታ ብዬ ጠርቼሽ ፈተና አደረግኩት። ሁለተኛ አልጠይቅሽም” አልኳት። አየችኝ፤ አያት ይቅርታ ስትጠይቅ ያየች አትመስልም ነበር። ከዚያም “ባለ አምስቶቹን ዛሬ እንቆርጣለን?” አለችኝ።

አሥራ ሁለተኛዋ

ባለ አምስት ካሬዎቹን ስንሠራ አፌን ዘጋሁ። ልጆቹ ለየቅርጹ ስም አወጡለት። አምስቱ በአንድ መስመር የተሰለፉት ዱላ ተባለ። መሃል አንድ፣ በአራቱም አቅጣጫ አንድ አንድ ያለው መስቀል ነው። ደረጃ ደረጃ እያለ የሚወርደው ደረጃ ነው። አንዱ ፊደሉን ፐ ይመስላል። ሌላው ሲደፋ በ ይሆናል፤ ሲዞር ደግሞ ሀ። ማሙሽ በዚህ በጣም ተገርሞ ሃያ ጊዜ ያህል እያዞረ “በ፣ ሀ፣ በ፣ ሀ” ሲል አመሸ። አራቱ ተጠቅጥቀው አምስተኛው እንደ አውራ ጣት ብቅ ያለበትን ደግሞ ቡጢ አሉት።

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ይህንን ሳጫውታቸው አንድ ነገር ነገሩኝ። ፒየርና ዲና ቫን ሂሌ የተባሉ ባልና ሚስት የሆላንድ መምህራን ነበሩ፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ሁለቱም የዶክትሬት ጽሑፋቸውን የሠሩት ልጆች ጂኦሜትሪን እንዴት እንደሚረዱ ነው። ልጅ መጀመሪያ ቅርጽን የሚያውቀው በመልኩ ብቻ ነው ይላሉ። ቀጥሎ ነው ጎኑንና ማዕዘኑን እያየ የሚያውቀው። መምህሩ በላይኛው ደረጃ ቆሞ፣ ልጁ ታችኛው ላይ ሆኖ ከተነጋገሩ አይደማመጡም። እኔም ቤቴ ገብቼ ሞከርኩት። አንድ ካሬ በማዕዘኑ አቁሜ ለማሙሽ ሳሳየው “ይሄማ ካሬ አይደለም” አለኝ። አልተከራከርኩትም። ይኸው ጨዋታውን በተጫወተ በሁለተኛው ሳምንት ካሬውን እንዴትም ባቆመው ካሬ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። እጁ ስንቴ አዙሮታል!

ወደ ቁርጥራጮቹ ልመልሳችሁ። ባለ አምስት ካሬዎቹ 12 መሆናቸውን ነግሬያቸው ነበር። ልጆቹ 11 አገኙ። አሥራ ሁለተኛዋ ጠፋች። እኔም አላገኘኋትም። ማሙሽ እንቅልፍ ጣለው፤ ሚጡም ተናዳ ተኛች፤ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ትተነው አደርን።

ጠዋት ስንነሳ ጠረጴዛው ላይ አንዲት አዲስ ካርቶን ተቀምጣለች፤ በጥንቃቄ ተሰምራ የተቆረጠች። ሦስት ካሬ በቁም ተደርድረዋል፤ ከላይኛው በስተቀኝ አንድ፣ ከመሃለኛው በስተግራ አንድ ተለጥፎባቸዋል። ከአሥራ አንዱ ላይ አንድ በአንድ ደረብናት፤ አዞርናት፤ ገለበጥናት። ከአንዱም አትገጥምም። አሥራ ሁለተኛዋ እሷ ናት።

ልጄ በሌሊት ተነስቶ ለሥራ ሲወጣ የሠራት ነው። ልጆቹ “አባዬ” ብለው ሰየሟት።

ልጄ ሕንፃ ማጠናቀቂያ ላይ ሴራሚክ ያነጥፋል። ሒሳብ አይገባኝም የሚለው ሰው ቀኑን ሙሉ ማዕዘን ሲለካ፣ ጠማማ ግድግዳ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲያወጣ፣ ስንት ካሬ ሜትር ሴራሚክ እንደሚበቃ በአንድ እይታ ሲናገር ይውላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጂኦሜትሪ ሲሠራ ኖሮ ጂኦሜትሪ መሆኑን የነገረው የለም።

ማታ ሲመጣ ብቻውን ሆኖ ቡና አቀረብኩለት። “አንተ ሒሳብ አትችልም የተባልከው በእኔ ነው። በማስመሪያ እመታህ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ልጅህ ፊት ወረሰች አትበል፤ አልወረሰችም” አልኩት። ሲኒውን ይዞ ዝም አለ። ከዚያም “እማዬ፣ በጣም ይደክምሽ ነበር እኮ” አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ቡናውን ጨርሶ ተነሳና ምንጣፉ ላይ፣ ልጆቹ መሃል ሄዶ ተቀመጠ። “አባዬ የምትሏት የትኛዋ ናት? ስጡኝ እስቲ” አላቸው።

ዞኮሎው ስንት ነው?

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ማታ እንጫወታለን። አንድ ማታ ሚጡ ተራዋን ስትጠብቅ የቁርጥራጮቹን ጠርዝ በጣቷ እየተከተለች ትቆጥር ነበር። ማንም አላዘዛትም። ዱላው 12 ጎን፤ መስቀሉ 12፤ ደረጃው 12፤ ፐ 12። ቡጢው ላይ ስትደርስ ቆመች። እንደገና ቆጠረች። “እማማ፣ ቡጢ ተሳስቶ ነው የተቆረጠው። 10 ነው” አለችኝ።

አልተሳሳተም። ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ 11ዱ ዙሪያቸው 12 ነው፤ የቡጢው ብቻ 10 ነው። ሁሉም ግን አምስት ካሬ ናቸው። እኔ በለመድኩት ላስረዳት ሞከርኩ። ቁስል ስንሸፍን ጎዙ የስፋት ነው፣ ዳር ዳሩን የምንለጥፈው ፕላስተር የዙሪያ ነው አልኳት። ቁስል ሸፍና ስለማታውቅ ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልገባትም።

አባቷ ጣልቃ ገባ። “ሚጡዬ፣ አምስት ሴራሚክ አለሽ እንበል። ለየብቻቸው ብታስቀምጫቸውና ዙሪያቸውን ዞኮሎ ብታደርጊላቸው ስንት ዞኮሎ ይፈጃል?”

“አራት አራት… 20።”

“ሁለቱን ብታገጣጥሚያቸውስ? መሃላቸው ዞኮሎ ይገባል?”

“አይገባም። ሁለት ይቀነሳል፤ የዚህኛውም የዚያኛውም።”

ከዚያ በኋላ እሱም ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ዱላውን አንስታ መገጣጠሚያዎቹን ቆጠረች። አራት መገጣጠሚያ፤ ስምንት ዞኮሎ ተረፈ፤ ከ20 ላይ 8 ሲነሳ 12። ቡጢውን አነሳች። ተጠቅጥቆ ስለተሠራ መገጣጠሚያው አምስት ነው፤ አሥር ዞኮሎ ይተርፋል፤ 10 ይቀራል። “ቡጢ ስለተጨበጠ ነው!” ብላ ጮኸች።

“በቃ፣ ሴራሚኩ ስፋት ነው፤ በካሬ ሜትር እንገዛዋለን። ዞኮሎው ዙሪያ ነው፤ በሜትር እንለካዋለን” አላት አባቷ። ሚጡ ቀና ብላ የሳሎናችንን ወለል አየች። ቀጥሎ የግድግዳውን ግርጌ በዓይኗ ዞረችው። የትኛው የማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ምንጣፉ ጥግ ላይ የተጠቀለለችውን ድመት አይታ “እሷም ሲበርዳት ቡጢ የምትሆነው ለዚህ ነው?” አለች። አዎ፤ ሰውነት ሲጠቀለል ለብርድ የሚጋለጠው ቆዳ ይቀንሳል። ይህንን ስንት ዓመት ሕፃናት ስጠቀልል ኖሬ እንዲህ አድርጌ አላሰብኩትም ነበር።

እናንተም ሞክሩት

የሚያስፈልጋችሁ ካርቶን፣ ማስመሪያ፣ መቀስና ሁለት ዓይነት ቀለም ነው። የአንድ ተጫዋች ቁርጥራጮች ባለ አንድ 1፣ ባለ ሁለት 1፣ ባለ ሦስት 2፣ ባለ አራት 5፣ ባለ አምስት 12፣ በድምሩ 21 ናቸው። ካሬያቸው ሲደመር 89 ይሆናል። እንደ እኔ ዓይናችሁ የደከመ አያቶች ካሬውን 3 ሳንቲሜትር አድርጉት፤ ሰሌዳው 42 ሳንቲሜትር ይሆናል። ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ካለ ትንንሾቹን ቁርጥራጮች ከፊቱ አርቁ፤ ወደ አፉ ይወስዳቸዋል፤ ሊያንቁትም ይችላሉ።

ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉትን ዝም ብላችሁ ሳጥን ውስጥ እንዲገጣጥሙ ተዉዋቸው፤ ሕጉም አያስፈልግም። ከ7 እስከ 9 ዓመት ላሉት የመገልበጥና የማጠፍ ጊዜ ነው። ቅርጹን ወረቀት ላይ አስነድፋችሁ አስቆርጧቸው፤ መሃል ላይ ሲታጠፍ ግራና ቀኙ ይገጥማል ወይስ አይገጥምም? መስቀሉ ይገጥማል፤ ቡጢው እንዴትም ቢታጠፍ አይገጥምም። ከ10 ዓመት በላይ ያሉት ስፋትንና ዙሪያን መቁጠር ይችላሉ፤ መገጣጠሚያ ሲጨምር ዙሪያው ለምን እንደሚያንስ ራሳቸው ያገኙታል።

ዋናው ግን የእኛ የትልልቆቹ ጠባይ ነው። በእኛ ቤት ሦስት ነገር ተስማምተናል። በጨዋታ መሃል ጥያቄ የለም፤ ልጁ ራሱ ካልጠየቀ በቀር። ልጅ ሲሳሳት እጁን ይዘን አናርመውም፤ ሰሌዳው ራሱ ያርመዋል፤ አይገጥምማ! ሦስተኛ፣ ማንም ሰው “እኔ ሒሳብ አይገባኝም ነበር” ብሎ በልጆች ፊት አይናገርም። ይህ ንግግር ለልጅ ማጽናኛ ይመስላል፤ እሱ ግን የሚሰማው “ለአንተም አይገባህም” የሚል ነው።

ሚጡ ሁለተኛውን ፈተና ከ20፣ 14 አመጣች። አንደኛ አልወጣችም፤ ክፍልፋይ ላይ ገና ትቸገራለች። እናቷም ትምህርት ቤት ሄዳ ከመምህርቷ ጋር ተነጋግራለች፤ እሱም ረድቷል። ወረቀቱ ግን ፍራሽ ሥር አልገባም። ሚጡ ራሷ አምጥታ ለአባቷ ሰጠችው፤ እሱም ባዶው መስመር ላይ ፈረመ። ደብተሬንም አልጣልኩትም፤ ባለፈው ወር ሆዷን የታመመችው አንድ ማክሰኞ ብቻ ነው።

ልጄ ከእኔ ጋር ሲጫወት ብዙውን ጊዜ ያሸንፈኛል። ማስመሪያውን አሁን የሚይዘው እሱ ነው፤ ለማሙሽ መስመር ሲያሰምርለት በሌላኛው እጁ የልጁን እጅ በቀስታ ደግፎ ነው። እኔ ያንን ሳይ ወደ ማዕድ ቤት ገብቼ ሻይ እጥዳለሁ፤ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ለሳምንቱ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ ለልጆቹ ሳይሆን ለእናንተ። አሥራ ሁለቱ ባለ አምስት ካሬዎች በድምሩ 60 ካሬ ናቸው። 6 በ10 የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩና አንድም ቀዳዳ ሳትተዉ ሁሉንም ግጠሙበት። መልሱ አንድ አይደለም፤ በ2,339 መንገድ ይገጥማል። ሆኖም አንዱን ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኛ ቤት እስካሁን አንድ ብቻ ነው ያገኘነው፤ ያገኘችውም ሚጡ ናት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።